ጧሪና ወራሽ

በአገራችን ምርቃት ውስጥ ሁለት ቃላት ተቆራኝተው ይኖራሉ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይባላል። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት አንድ ሰው ይሆናሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ነው፤ የጦረ ይቀብራል፣ የሚቀብረውም የጦረው ነው። ሦስተኛውን ቃል ግን መራቂው አያነሣውም። ሦስተኛው «ወራሽ» ነው። ይሁንና በጎንደር ከተማም ሆነ ከዚያ በላይ ባለው ደጋ፣ በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራ፣ ልጆች ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሳይፈርስ በሹክሹክታ የሚነጋገሩት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ጠቡም የሚነሣው ከዚሁ ነው። የጦረው አንድ፣ የቀበሩት ሁሉም፣ የሚወርሱት ደግሞ እኩል ሲሆኑ፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ካልንስ፣ «አንተ ጦረሃልና ብልጫ ይገባሃል» ለማለት ሥልጣኑ የማን ነው? የዳኛው? የሽማግሌው? የራሱ የጧሪው?

አስቀድመን ቃሉን እንየው። «ጦረ» ማለት ያረጀውን፣ የደከመውን ደገፈ ማለት ነው። «ጡረታ» የምንለውም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። መንግሥት ቃሉን ወስዶ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ለሠራተኞቹ ሲያውለው፣ በሌላ አነጋገር «ከእንግዲህ የሚጦርህ እኔ ነኝ» ማለቱ ነበር። በጎንደር ከተማ የሚኖር ጡረተኛ መምህር ብሩ ቢያንሰውም በየወሩ የሚጠብቀው ነገር አለው። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ገብስ ሲያርስ ያረጀ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ አዋጅ ደርሶት አያውቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ያነበበ ሽማግሌ ፊቱን መልሶ ወደ ልጆቹ ማዞሩ አይቀርም። የደጋው ገበሬ ጡረታ ልጁ ነው፤ ልጁ ከሄደ ደግሞ መሬቱ ነው።

ልጅ ወላጁን መጦር እንዳለበት የማያውቅ የለም። ግዴታው በሕግ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 807 ጀምሮ ነገሩን ዘርዝሮ አስቀምጦት ነበር። ኋላም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ግዴታ ተቀብለው ቀጠሉበት። የተቸገረና ሠርቶ መብላት ያልቻለ ወላጅ ልጁን መጠየቅ ይችላል። የሚጠየቀው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጠለያም፣ ልብስም፣ መታከሚያም ይጨምራል። መጠኑ የሚለካው በጠያቂው ችግርና በተጠያቂው አቅም ነው። ብዙ ልጆች ካሉ ወላጅ ከመካከላቸው የመረጠውን ይጠይቃል፤ የከፈለው ልጅ ደግሞ ዞሮ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ድርሻቸውን ማስመለስ ይችላል። በወረቀት ላይ ሲነበብ እንከን የማይወጣለት ነገር ነው።

ታዲያ ሕጉ ለዚህ ግዴታ የሰጠው ስም «ቀለብ» ነው። ቀለብ በደጋው ሰው ጆሮ የሚሰፈር ነገር ነው። ለወታደር ይሰፈራል፣ ለሎሌ ይሰፈራል፣ ለበቅሎ ይሰፈራል። ዘጠኝ ወር የተሸከመች፣ በጀርባዋ አዝላ እንጨት የለቀመች እናት፣ «ልጄ ቀለብ ይስፈርልኝ» ብላ በወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትቆም ነው? አትቆምም። ጎረቤት ምን ይላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ በሰው ፊት እንዲዋረድ አትፈልግም። ርሃቡን ትመርጣለች። በዚህ ላይ ሕጉ አንድ ጠንካራ ነገር ጨምሯል፦ ጊዜው ያለፈ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለመኖሪያ የግድ ያስፈልግ እንደ ነበር ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል። ሕግ አውጪው «ሳይጠይቅ ከቆየማ አልቸገረውም ነበር» ብሎ አስቦ ይሆናል። ለአበዳሪና ለተበዳሪ ይህ ደግ አሳብ ነው። የእናት ዝምታ ግን ሦስት ወር ቀርቶ ሠላሳ ዓመት ቢቆይ የጥጋብ ምስክር አይሆንም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ችግረኛ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠይቁበት ልዩ ሸንጎ አቋቋመች። ቻይና ከ2013 ጀምሮ ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን አዘውትረው እንዲጎበኙ በሕግ አዘዘች። ይህን የሰሙ ብዙዎች ስቀዋል፤ በዳኛ ትእዛዝ የመጣ ልጅ ከእናቱ ጋር ምን ያወራል? እኔ ግን አልስቅም። ገብስ በትእዛዝ ሊመጣ ይችላል፣ ጨዋታ በትእዛዝ አይመጣም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ጨዋታው ቀርቶ ገብሱ እንኳ የጎደለባት አሮጊት ስትኖር፣ «ፍቅር የሌለበት ገብስ ምን ያደርግላታል?» የሚለው ፍልስፍና የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው። ሕግ ገብሱን ማዘዙ ትክክል ነው። ከገብሱ ያለፈውን ማዘዝ ስለማይችል ብቻ ልናቃልለው አይገባም።

ይሁንና ከዚህ የከበደው ጥያቄ የካደው ልጅ ጉዳይ አይደለም። ጨርሶ የካደ ልጅ በአገራችን ብዙ አይደለም። የከበደው ጥያቄ እቤት የቀረችው ልጅ ጉዳይ ነው። (ልብ በሉልኝ፣ «የቀረችው» ነው ያልኩት። እኔ ባየሁት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል የምትቀረው ሴቷ ናት።)

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል። ይህ እኩልነት ትልቅ ድል ነው፤ ሴትንና ወንድን፣ ታላቅንና ታናሽን ያስተካከለ ነው። ለደጋው ሰውም ባዕድ አይደለም። በርስት ዘመን መብት በአባትም በእናትም ተቆጥሮ ይመጣ ነበር፤ አገሩን ለቅቆ የሄደ ሰው ዘሩን ቆጥሮ ሲመለስ «ድርሻዬስ?» ማለት ያስከብረው ነበር እንጂ አያሳፍረውም ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ያንን ሥርዓት ሻረው። ያ አዋጅ ጉልበት ቀጥሮ ማሳረስን ሲከለክል፣ ባለይዞታው ላረጀበት ወይም ለታመመበት ቤትና ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ልዩ ፈቃድ መተዉ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ነው። በዚያ የአብዮት ግርግር መካከል እርጅናን ያስታወሰ ሰው ነበረ ማለት ነው። ርስት በአዋጅ ቢሻርም የርስት ስሜት ግን አልተሻረም። ዛሬም አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ደባርቅ ስላለው የአባቱ ማሳ ሲናገር «መሬታችን» ነው የሚለው።

በዚህ ላይ ሌላ ሕግ መጣ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ባለይዞታው መሬቱን ለቤተሰቡ አባል ማውረስ ይችላል አለና፣ «የቤተሰብ አባል» ማለት የባለይዞታውን መተዳደሪያ ገቢ እየተጋራ በቋሚነት አብሮት የሚኖር ሰው ነው ብሎ ተረጎመው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ያች ትርጓሜ የጣለችው ጥያቄ ግን አልተተካም። አስቡት፦ ከደም ይልቅ ምድጃ ተቆጠረ ማለት ነው። ከአብራክ የወጣው ግን ከተማ የገባው ልጅ ቤተሰብ አይደለም፤ ከአንድ ሞሰብ የበላው ግን ቤተሰብ ነው። የደሙ ሕግና የምድጃው ሕግ በአንዲት ጥማድ መሬት ላይ ተገናኙ። በደጋው የምንሰማው የወንድማማች ክርክር ብዙውን ጊዜ በክፉና በደግ ሰው መካከል የሚደረግ ክርክር አይደለም። ሁለቱም ወገን ሕግ አለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወገራ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ወረቀት እንዳነብላቸው አስጠሩኝ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። አራት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ጎንደር ከተማ መምህር ነው፤ ሁለተኛው አዲስ አበባ ይነግዳል፤ ሦስተኛው ዐረብ አገር ነው። አራተኛዋ ሴት ልጃቸው ትዳሯ ሲፈርስ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። መሬቱን ለእኩል አራሽ እየሰጠች፣ በጎቹን እየጠበቀች፣ ሌሊት እናቷን እያገላበጠች። ወረቀቱ የስጦታ ውል ነበር። ቤቱም፣ ሦስት ጥማድ መሬቱም፣ ባሕር ዛፉም ለአራቱ ልጆች እኩል ተሰጥቷል ይላል። ወንዶቹ ናቸው ያዘጋጁት። «ነገ ጠብ እንዳይነሣ ዛሬ እንጨርሰው» ብለው ነው፤ ክፉ ልጆች አይደሉም፣ ከሦስቱ አንዱም ገንዘብ መላክ ያቋረጠበት ጊዜ የለም። እማሆይ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ይህን ካተምሁ በኋላ፣ የተኛሁበት ቤት የማን ነው?»

መልሱን ታውቁታላችሁ። እኔ የማምነው የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ እንዳለ ነው። ስጦታ ዛሬ ይሰጣል፤ ኑዛዜ ነገ ይሰጣል። ልዩነቱ የቀን ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በስጦታው ማግስት እማሆይ ባለቤት መሆናቸው ቀርቶ እንግዳ ይሆናሉ። ልጆቻቸው የቱንም ያህል ደጎች ቢሆኑ፣ በገዛ ቤታቸው «እባካችሁ» ማለት ይጀምራሉ። ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይሄዳል፣ ዓይኑ ይሄዳል፣ ጓደኞቹ ይሄዳሉ። እምቢ የማለት መብቱ ግን ካልሰጠው በቀር አይሄድም። የመሬት ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ያች ደብተር በጎታው ሥር እስካለች ድረስ እማሆይ የሚጦሩ ሴት ብቻ ሳይሆኑ የቤቱ እመቤት ናቸው። ሕንድ በ2007 ባወጣችው ሕግ፣ ይጦረኛል ተብሎ በዚሁ ሁኔታ የተሰጠ ንብረት ተቀባዩ ካልጦረ ስጦታው እንዲፈርስ መንገድ የከፈተችው፣ ብዙ ወላጆች ከሰጡ በኋላ ሜዳ ላይ መውደቃቸውን ስላየች ነው።

«ኖር እንጂ! የእኛ አባቶች በሕይወት ሳሉ አካፍለው አይደለም ወይ የሚመነኩሱት?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። በደጋው ሽምግልና ሲመጣ ለልጅ አካፍሎ፣ ቆብ ጭኖ፣ ለነፍስ ማደር የከበረ ልማድ ነው። መነኩሴ ለዚህ ዓለም ሞቷል ይባላል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ግን ውርስ የሚከፈተው ሰው በእርግጥ ሲሞት ነው ይላል፤ ስለዚህ በቆብ ቀን የተካፈለው ውርስ ሳይሆን ስጦታ ነው። ልማዱም ቢሆን ብቻውን አልነበረም። ያካፈለችውን መነኩሲት ደብሩ፣ ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ የጎረቤት ዓይን ይጠብቃት ነበር። ልጅ ሁሉ አንድ አጥቢያ ውስጥ በሚያድርበት ዘመን የተሠራ ልማድ ነው። ዛሬ ያ ልጅ በአውሮፕላን ካልሆነ አይደርስም።

ከስጦታው ቀጥሎ የሚመጣው «ጃጅታለች» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል በጣም እጠላዋለሁ። እናት «አልፈርምም» ስትል ጃጅታለች ትባላለች፤ ስትፈርም ግን ልቦናዋ ሙሉ ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም። ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው ተብሎ ይገመታል፤ ዕድሜ ብቻውን ችሎታን አያሳጣም። በእርግጥ አእምሮው የተነካን ሰው ስለ ጤናውና ስለ ጥቅሙ ሲባል ፍርድ ቤት ሊከለክለውና ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል። «ስለ ጥቅሙ» የተባለው የእርሱ ጥቅም ነው፤ ሕጉ ግን ስለ ወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ሊከለከል እንደሚችል ይናገራል። በዚህ በኩል አንድ የሚያስደንቅ ድንጋጌ አለ። ነዋሪው ከ2,000 ባነሰበት ቦታ፣ ቤተሰቡ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት እየጠበቀው እንዳይንቀሳቀስ የከለከለው ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ረኔ ዳቪድ ሆስፒታል የሌለባትን መንደር አስበው የጻፉት ይመስለኛል፤ አሳባቸውም ቅን ነው። ግን የጃናሞራን አንድ ጎጥ አስቡና፣ አሮጊቷን ከቤት እንዳትወጣ የሚያደርግ ልጅ በዚያው ድርጊቱ ማስረጃውንም ሊያበጅ እንደሚችል ተመልከቱ።

ስለ ውክልና አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ከተሜ ቤተሰብ ነገሩን ሁሉ በውክልና የጨረሰ ይመስለዋል። ውክልና ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ አብሮ ይቀራል። ማለትም እናት መርሳት በጀመረችበት፣ ወረቀቱ በተፈለገበት ሰዓት ወረቀቱ አይኖርም።

ገንዘብ የሚልከውስ ልጅ ጧሪ አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ ከጎንደር በላይ የሚያውቀው ከተማ ያለ አይመስለኝም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ብዙዎቹ መንደራቸውን የተዉት በዚህ በጎንደር አገር ነበር። ከዚያ በኋላ በጎንደር ከተማ ተራቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ አባት እዚያ፣ ልጅ እዚህ፣ ወይም ልጅ እዚያ፣ እናት እዚህ። ማን ማንን መጦር እንደሚችል የሚወስነው የሌላ አገር የስደት ሕግ ሆነ፤ ለየትኛው የሥጋ ዝምድና በሩ እንደሚከፈት በኢየሩሳሌም ይወሰናል። እዚያ ያለው ልጅ የሚልከው ገንዘብ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ መድኃኒት ይገዛል። እርሱን «አልጦርህም» የሚለው ማነው? እኔ አልለውም። የላከም ጦሯል፣ ያገላበጠም ጦሯል። ግን እኩል አልጦሩም። የላከው ከገንዘቡ ከፍሎ ሰጠ፤ የቀረችው ከዕድሜዋ ከፍላ ሰጠች። ገንዘብ ደግሞ ይመለሳል።

የእማሆይ ወንዶች ልጆች ይህን ሲሰሙ መልስ አላቸው፣ መልሳቸውም መናቅ የለበትም። አንደኛው፣ «እኅታችን መሄጃ ስላልነበራት ነው የቀረችው፤ እናታችን ጥላ ሆነቻት እንጂ» ይላሉ። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፦ «ብልጫ ከሰጠናት ለፍቅር የሠራችውን ደመወዝ አደረግንባት።» ይህ ሁለተኛው ብዙ ቀን አሳስቦኛል። ጡር ዋጋ ከተቆረጠለት ጡር መሆኑ ይቀራል ወይ? በመጨረሻ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ደመወዝ የሚሆነው ጧሪዋ ስትጠይቀው ነው። እናት በገዛ ፈቃዷ ስትሰጠው ግን ደመወዝ አይደለም፣ ምስክርነት ነው። ወንድሞች ደግሞ «ፍቅር በገንዘብ አይለካም» የሚሉት በእኩል ለመካፈል ገመድ ዘርግተው ከሆነ፣ ያን ፍልስፍና ከራሳቸው ድርሻ ይጀምሩት። የመምህሩን የትምህርት ዘመንስ ማን ቆጠረው? በዓመት ሁለትና ሦስት በግ እየተሸጠ ነው ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ተልኮ የተማረው። እርሱ ውርሱን በወጣትነቱ በልቶታል፤ ማንም ስላልጻፈው ብቻ አልተወረሰም ይባላል።

ስለዚህ ብልጫ የመስጠት ሥልጣኑ የዳኛም የሽማግሌም አይደለም፤ የጧሪዋም አይደለም። የወላጅ ብቻ ነው። ሥልጣን ከሆነ ደግሞ ግዴታም አለው። «ከሞትሁ በኋላ ይስማሙበት» ብሎ ዝም የሚል ወላጅ፣ ሰላም ወዳድ ይባላል እንጂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያገላበጠችውን ልጅ በወንድሞቿ ፊት ለማኝ አድርጓት ይሞታል።

መሣሪያው ኑዛዜ ነው። ቋንቋችን ለንስሐና ለውርስ አንድ ቃል መስጠቱ ለእኔ ታላቅ ነገር ነው፤ ለነፍስ አባት ኃጢአቱን የተናገረም ተናዘዘ፣ ለልጁ መሬቱን የተናገረም ተናዘዘ። ግን ከዚሁ የተነሣ በደጋው ብዙ ኑዛዜ በሞት አልጋ ላይ፣ በነፍስ አባትና በሁለት ጎረቤት ፊት በቃል ይነገራል። ሕጉ የቃል ኑዛዜን በሁለት ምስክር ፊት ይቀበላል፤ ነገር ግን ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ካልሞተና ሦስት ወር ካለፈው ያ ኑዛዜ ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር በሬ የሚገዛ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዶሮ ለመግዛት አይበቃም። እንግዲህ ሰባት ዘር የሚያከራክር መሬት በዶሮ ሚዛን በተፈቀደ ቃል ይተላለፋል ብሎ የሞተ ስንቱ ነው!

የጽሑፉ ኑዛዜም ወጥመድ አለው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው የሚናዘዙት ኑዛዜም ፈራሽ ነው። አርባ ዓመት በአንድ ጋቢ ያደሩ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት መናዘዝ አይችሉም ሲባሉ ይገርማቸዋል፤ ሕጉ ግን የእያንዳንዱን ፈቃድ ለየብቻው መስማት ይፈልጋል። ልጅን ለመንቀል የሚፈልግ ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ መናገር አለበት። ላንዱ ማብለጥና ሌላውን መንቀል አንድ አይደሉም፤ ልክ ያለፈ ብልጫ ግን ሊያከራክር ይችላልና አዋቂ መጠየቅ ይበጃል። መሬቱንም በኑዛዜ ማስተላለፍን የክልሉ የመሬት ሕግ ገደብ አበጅቶ ይፈቅዳል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የጎንደር ሰዎች ሽያጭን፣ ስጦታንና ኑዛዜን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከነምስክሮቹና ከነዋሶቹ ያስጽፉ እንደ ነበር፣ ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰበሰቧቸው ሰነዶች ያሳያሉ። የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ሰው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ አውቆት ነበር።

እማሆይ ስጦታውን አላተሙም። ወንዶቹን በገና ሰሞን አስጠርተው፣ ዐረብ አገር ያለውን በስልክ ይዘው፣ አሳባቸውን በራሳቸው አፍ ነገሯቸው። ቤቱና መሬቱ ለሴቲቱ፤ በጎቹና ባሕር ዛፉ ተሸጠው ለተዝካር፣ የተረፈውን ሦስቱ ወንዶች ይካፈሉት። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ዐረብ አገር ያለው «እናቴ ያልሽው ይሁን» አለ። የአዲስ አበባው ተቆጥቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይደውል እንደ ቆየ ልጅቱ ነግራኛለች፤ ገንዘቡን ግን አላቋረጠም።

ኑዛዜው በአራት ወራሽ ባልሆኑ ምስክሮች ፊት ሲነበብ እኔም ነበርሁ። ጸሐፊው «ልጄ ስለ ጦረችኝ» ከሚለው ላይ ሲደርስ እማሆይ እጃቸውን አነሡ። «እሱን አውጣው» አሉ። «አብራኝ ስለ ኖረች በል።» ስርዝ ድልዝ ያለበት ኑዛዜ ለክርክር ይዳርጋልና ወረቀቱ ከመጀመሪያው እንደገና ተጻፈ፤ እንደገናም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነበበ። ሁለቱ ምስክሮች ፈረሙ፣ ሁለቱ አሻራቸውን አኖሩ።